አቡነ ማስያስ፥ የፈንጣጣ አባት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያቀና መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ሲወጣ ምድር ከእግሩ በታች የተከፈተች ይመስለዋል። ጋቢ ያስደረበው የደጋ ብርድ ከኋላው ይቀራል፤ ደብረ ሲና በገደሉ ወገብ ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከእርሷም በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ማሽላውና ማሾው፥ የከሰዓቱ ሙቀትና የወባው ትኩሳት የዚያ አገር ነው። በዚህ ቆላ በክትባት ቀን እናቶች ልጆቻቸውን በአንቀልባ አዝለው በጤና ኬላው ደጃፍ ተሰልፈው ማየት የተለመደ ነው። አንዷ በአንገቷ ማተብ አስራለች፤ ከኋላዋ ያለችው በሻሽ ተከናንባለች፤ ሦስተኛዋ ከአፋር ወገን የመጣች ናት። ልጆቹ ግን መርፌውን ሲያዩ የሚያለቅሱት ልቅሶ አንድ ዓይነት ነው።

በዚህ ዓምድ ለወንጌል የደከሙ አባቶችን ሕይወት ስናቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከልደታቸው ነው። ዛሬ ግን ከዚህ ሰልፍ ለመጀመር መረጥን። የዛሬው ባለ ታሪካችን አቡነ ማስያስ በሕዝቡ ዘንድ ከሁሉ በላይ ስም ያተረፉት በጵጵስናቸው ወይም በሊቅነታቸው ሳይሆን በሕፃናት ክንድ ላይ በሠሩት ሥራ ነውና። ሕዝቡ የፈንጣጣ አባት ይላቸው ነበር። ሚስትና ልጅ ያልነበራቸው የአንድ መነኩሴ ታሪክ ትንንሽ ልጆችን ለሚያሳድግ ቤተሰብ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ትንሽ ታግሦ እንዲከተለን እንለምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካልገለጽን በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቡነ ማስያስ በ1809 በሰሜን ኢጣልያ፥ በፒየሞንቴ ምድር፥ በአስቲ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ፒዮቫ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሎሬንሶ፥ የቤተሰባቸው ስም ማሳያ ነበር፤ የአገራችን ሰው ይህንኑ ማሳያ የሚለውን ስም በራሱ አንደበት ማስያስ አለው። ታላቅ ወንድማቸው ጉልየልሞ የአስቲ ካቴድራል ካህን ነበሩና ትንሹን ወንድማቸውን ወደ ራሳቸው ወስደው በእጃቸው ሥር አስተማሩ። ነገር ግን እኚህ ወንድም ሞቱ። ሎሬንሶ ጥቂት ጊዜ በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ከቆዩ በኋላ በ16 ዓመታቸው፥ በ1825፥ ወደ ካፑቺን ማኅበር ገብተው የምንኩስና ልብስ ለበሱ፤ የተሰጣቸውም የምንኩስና ስም ጉልየልሞ ሆነ። እንግዲህ የሟች ወንድማቸውን ስም ይዘው ኖሩ ማለት ነው። እምነትን በመጀመሪያ ያገኙት ከትልቅ ጉባኤ ሳይሆን ከቤት፥ ከአንድ ማዕድ ከሚቆርስ ወንድም መሆኑን እዚህ ላይ ልብ እንድንለው እንወዳለን፤ ወደዚሁ ነገር እንመለሳለንና።

በ1832 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ከ1834 እስከ 1836 በቶሪኖ ከተማ ማውሪትሲያኖ በተባለው ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው አገለገሉ፤ እዚያም ሕሙማንን እያጽናኑ ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው የሕክምናንና የቀዶ ጥገናን ሥራ ተማሩ። ከዚያ በኋላ የነገረ መለኮት መምህር ሆኑ፤ ስብከታቸው ስለ ተወደደ የንጉሥ ቤተሰብ ሳይቀር ንስሐ አባት አደረጋቸው። ጵጵስናም በአገራቸው ሳለ ቀርቦላቸው ነበር፥ አልፈለጉትም። የሕይወታቸውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ ነገር ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። እኛ ግን በሆስፒታሉ ያሳለፏቸው ጥቂት ዓመታት ለኢትዮጵያ ሕፃናት ከቤተ መንግሥቱ ሁሉ የበለጠ ፍሬ እንዳፈሩ እናምናለን።

በ1846 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴነትን አቋቁመው ሥራውን ለካፑቺን ማኅበር ሰጡ፤ አቡነ ማስያስም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሮም የጵጵስና ማዕርግ ተቀብለው ወደ አገራችን ጉዞ ጀመሩ። በጥር 1849 በምጽዋ፥ በሌሊትና በስውር፥ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ጳጳስ አድርገው የቀቡ እኚህ አባት ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ስደት ተነሣ። ወደ ኤውሮፓ ተመልሰው ረዳት ከፈለጉ በኋላ የነጋዴ ልብስ ለብሰው፥ የእናታቸውን ወገን ስም ይዘው፥ በዓባይ ወንዝ በኩል ሱዳንን አቋርጠው በ1852 ጉዱሩ ደረሱ። ጳጳስ መሆናቸውን የደበቁበት ስም የእናታቸው ቤት ስም መሆኑ ያስደንቀናል። ከጉዱሩ ወደ ሌሎች የኦሮሞ አገሮች፥ በ1859ም ወደ ከፋ ዘለቁ፤ በ1861 ከከፋ ተባረሩ። የጉዞውን ሁሉ ዝርዝር ብንጽፍ ይህ መጽሔት አይበቃንም፤ በረሃውን፥ እስራቱን፥ ረኃቡን አልፈን ወደ ራሳችን አገር ወደ ሸዋ እንሂድ።

በ1868 አቡነ ማስያስ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ሸዋ ገቡ፤ ንጉሥ ምኒልክም በደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በልቼ በክብር ተቀበሏቸው። ያን ጊዜ ከባሕር ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው የሲራራ መንገድ በይፋት ቆላ የሚያልፈው ነበር። ፋሬ የመንገዱ በር፥ አልዩ አምባ ደግሞ ትልቁ ገበያ ነበሩ። ጨውና ጨርቅ፥ ጠመንጃም በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። ከሚወርደውም ጭነት ጋር ሰው ነበረ። በአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር፤ ወደ ባሕር ከሚነዱትም ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነበሩ። ዛሬ የሸዋ ሮቢትና የደብረ ሲና ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ከሚሮጡበት አገር ብዙ በማይርቅ መንገድ፥ የእናታቸውን ስም እየጠሩ ወደ ባሕር የወረዱ ልጆች ዱካ አለ። ይህንን ለልጆቻችን አንነግራቸውም፤ ምናልባትም መንገር ይገባን ነበር።

አቡነ ማስያስ ገና ሸዋ ሳይገቡ ይህ ንግድ በኦሮሞና በከፋ አገር ቤተሰብን ሲበትን በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ በተቻላቸው መጠን ልጆችን ከባርነት እየዋጁ አሳደጉ፤ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማም ከባርነት የወጡ የኦሮሞ ልጆች የሚማሩበትን ቤት አቋቋሙ፤ ሐሳባቸውም ተምረው ለወገናቸው ሐዋርያት እንዲሆኑ ነበር። በጎ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ወላጅ ስናስበው ልባችን ይከፈላል። ነፃ የወጣ ልጅ በባዕድ አገር ዳቦም ፊደልም ቢያገኝ፥ ማታ ሲተኛ ከራሱ ላይ ልብሱን የምታስተካክል እናት የለችውም። ማኅበርና ትምህርት ቤት የፈረሰውን ቤት ጉድለት ይሸፍናሉ እንጂ ቤት አይሆኑም። የእኚህ አባት ሥራ ሙሉ የሆነው፥ በእኛ አስተያየት፥ ልጁን ከእናቱ እቅፍ ሳያወጡ በረዱበት ጊዜ ነው፤ እርሱም የክትባቱ ሥራ ነው።

ፈንጣጣ ምን እንደ ነበረ የዛሬ ወጣት ወላጆች አያውቁም። በመንደር ሲገባ ከሕፃናት ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ከወጣ በኋላ ገላው ሁሉ በቁስል ይሞላል፤ ከሞት የተረፈው ፊቱ ተበሳስቶ፥ አንዳንዱም ዓይኑ ጠፍቶ ይቀራል። ብዙ ልጆች የወለደች እናት በአንድ ክረምት ባዶ እጇን ልትቀር ትችል ነበር። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ከታመመው ሰው ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በመጫር በሽታውን በቀላሉ ለማሳለፍ የሚደረግ ልማድ ነበረ፤ ይህ ልማድ ያድናል፥ ነገር ግን በሽታው ራሱ ስለሆነ አንዳንዴ ይገድላል፥ ለጎረቤትም ይተላለፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር በ1796 የጀመረው ክትባት ግን ከላም ፈንጣጣ የሚወሰድ በመሆኑ እጅግ የቀለለ ነበር።

የበረዶ ማስቀመጫ በሌለበት በዚያ ዘመን ችግሩ መድኃኒቱን ሕያው አድርጎ ማቆየት ነበር። መንገዱም እንዲህ ነው፦ ሕፃኑ በክንዱ ላይ ይከተባል፤ በስምንተኛው ቀን ገደማ በተከተበበት ቦታ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፤ ከዚያ ውኃ በወስፌ ወይም በስለት ጫፍ ተወስዶ በሌላው ሕፃን ክንድ ላይ ይደረጋል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እንዲሁ ይቀጥላል። የሕፃናቱ ሰንሰለት አንድ ቦታ ከተቆረጠ መድኃኒቱ ጠፋ ማለት ነው። አቡነ ማስያስ በሄዱበት አገር ሁሉ ይህን ሥራ በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ የከተቧቸው ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ሰው ከሩቅ አገር ልጁን ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ የሚመጣውም ካቶሊካዊ መሆን አለመሆኑ አልተጠየቀም። የኦርቶዶክሱ፥ የእስላሙ፥ በአባቶቹ ልማድ የሚያመልከውም ልጅ ክንዱን ዘርግቷል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል። በዚህ ሥራ ጳጳሱ ብቻቸውን ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። የመጀመሪያዪቱ እናት ልጇን ካስከተበች በኋላ በስምንተኛው ቀን ተመልሳ መምጣት፥ የልጇን የታመመ ክንድ ገልጣ ለጎረቤት ልጅ ማካፈል ነበረባት። የልጇ ጤና አብሮ የሚወሰድባት መስሏት ብትፈራ ማን ይፈርድባታል? ለራሷ ልጅ የሚሆነውን አግኝታለች፤ ባትመለስ የሚጎዳው የማታውቀው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ብዙዎቹ ግን ተመልሰዋል፤ ባይመለሱ ኖሮ የፈንጣጣ አባት የሚለው ስም ባልኖረ ነበር። ስለ ጸጋ በትምህርተ ክርስቶስ ስናስተምር ልጆች ሊጨብጡት የሚችሉት ምሳሌ አጥተን እንቸገራለን። እነሆ፥ በነፃ የተሰጠ፥ ለራስ ብቻ ሲያዝ የሚሞት፥ ለሌላው ሲሰጥ ግን ከሰጪው ምንም የማይጎድል ነገር በእናት ጭን ላይ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉም ጥቂት እንበል። ክትባት የሚለው ቃል ከተበ፥ ማለትም ጻፈ፥ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በልጅ አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም ከዚያው ግሥ የመጣ ነው። አንዱ ቃል ሁለት ልጆች ወልዷል። በቆላው ዛሬም ክታቡን በአንገቱ፥ የክትባቱን ጠባሳ በክንዱ ይዞ የሚያድግ ልጅ አይጠፋም። እናቶች ልጃቸውን ስለሚወዱ ያስራሉና እንዲህ ያለችውን እናት ከመገሠጽ ይልቅ ፍርሃቷን መስማት ይሻላል እንላለን። ካቴኪስቶቻችን ይህን ምክር ቢያስቡበት መልካም ነው።

አቡነ ማስያስ በሸዋ ከ10 ዓመት በላይ ቆዩ። ንጉሡ አማካሪያቸው አደረጓቸው፤ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር፥ በፊንፊኔ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ በ1868 የካቶሊክ ተልእኮ እንዲያቆሙ ፈቀዱላቸው፤ ፍቅሬ ግንብ በተባለው ስፍራም ሌላ ጣቢያ ነበራቸው። ከእርሳቸውም ጋር በኋላ የተኳቸው አቡነ ታውሪን ካኛ ይሠሩ ነበር። የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው በ1867 ታትሞ ነበር፤ ጸሎትንና ትምህርተ ክርስቶስንም በኦሮምኛ አዘጋጅተዋል። ይህ ለሊቃውንት ክብር ብቻ የተደረገ አይደለም። አንዲት እናት ለሕፃንዋ አቡነ ዘበሰማያትን ልታስተምር የምትችለው ልጇን በምታባብልበት ቋንቋ ሲሆን ነው፤ በማትሰማው ቋንቋ የተማረችውን ጸሎት ካህኑ ፊት ትደግመዋለች እንጂ በእሳት ዳር አትጸልየውም።

በጋብቻ ነገርም ብዙ ደክመዋል። በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጋባ ጥቂት፥ በስምምነት ተጋብቶ በቀላሉ የሚፋታ ብዙ ነበር፤ በፍቺው መካከል የሚንከራተቱት ልጆች ናቸው። የምሥጢረ ተክሊልን ትምህርት አጥብቀው ማስተማራቸው ከዚህ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው እውነቱን መሸሸግ አይገባውም፦ አቡነ ማስያስ ስለ አገራችን ልማድና ስለ ኦርቶዶክሳውያን ካህናት በጻፉት ውስጥ ዛሬ ስናነበው የሚከብደን ቃል አለ። የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ያወጀችው ትምህርት እርሳቸው ከሞቱ ከ75 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። እኛ ባሎቻችን ወይም ሚስቶቻችን፥ አማቶቻችንና ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያን የሆኑብን ምእመናን ያንን ቃላቸውን አንወርስም። በተከፈተ ክንድ ፊት ያሳዩትን ልብ ግን በደስታ እንወርሳለን።

ከ1878 ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ስምምነት ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከገበሩ በኋላ፥ በዚያው ዓመትም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ፥ የካቶሊክ ተልእኮ በሸዋ ሊቆይ አልቻለም። በ1879 አቡነ ማስያስ ወደ ዐፄ ዮሐንስ ተጠሩ፤ 70 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ደብረ ታቦር ድረስ ተወስደው ከዚያ በመተማ በኩል ከአገር ወጡ። ተመልሰው ኢትዮጵያን አላዩም።

እንግዲህ አንባቢያችን፥ የዚህን ሰው ሥራ በሚታይ ነገር ቢለኩት ምን ቀረ? ከምጽዋ ተባረሩ፥ ከከፋ ተባረሩ፥ ከሸዋ ተባረሩ። ጣቢያዎቹ ተዘጉ ወይም ለብዙ ጊዜ ባዶ ቀሩ። ነገር ግን የከፋው ታሪክ ሌላ ነገር ይነግረናል። በ1861 ጳጳሱ ሲወጡ በዚያ የቀሩት ጥቂት የአገሩ ልጆች የሆኑ ካህናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ፤ በ1897 የከፋ መንግሥት ወደቀ፤ አገሩም ተራቆተ። የአቡነ ማስያስን አገር ሰው የሆኑት ቅዱስ ዮሴፍ አላማኖ በ1901 በቶሪኖ የኮንሶላታ ማኅበርን ሲያቋቁሙ የአቡነ ማስያስ ሥራ እንዲቀጥል ይመኙ ነበር፤ ቅድስት መንበርም በ1913 የደቡብ ከፋን ሐዋርያዊ ግዛት ለማኅበሩ ሰጠች፤ ልጆቻቸውም በ1916 እንደ ነጋዴ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሚስዮናውያኑ ከፋ ሲደርሱ ካቶሊኮች ነን የሚሉ ሰዎችን አገኙ። ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ ነበር! ጳጳሱን በዓይኑ ያየ ሰው በሕይወት ቢኖር እንኳ ሽማግሌ ነበር። ታዲያ ለመካከለኛው ትውልድ ማማተብን ማን አስተማረው?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየቤቱ እንጀራ የምትጋግር፥ ልጅ የምታጠባ፥ ማታ በሩን ከመዝጋቷ በፊት በልጆቿ ላይ የምታማትብ አንዲት እናት፤ ከእርሻ ደክሞ ገብቶ ማዕዱ ሳይነሣ ስሙን የሚጠራ አንድ አባት። ክትባቱ ከክንድ ወደ ክንድ እንደ ተላለፈ እምነቱም ከእቅፍ ወደ እቅፍ ተላለፈ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከብዙ ዘመን በፊት ወላጆችን ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉ አስተምሯል፤ የቫቲካን ጉባኤም ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሲጠራ አዲስ ነገር መፍጠሩ አልነበረም።

ካቴኪስቶቻችን ግን አንድ ቅሬታ አላቸው፥ እኛም በብዙ ቁምስና ሰምተነዋል። ወላጆች እሑድ ጧት ልጃቸውን አጥበው፥ ነጭ አልብሰው ያመጣሉ፤ እንደ ዕቃ አስረክበው ይሄዳሉ። ልጁ በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ እግዚአብሔር ይሰማል፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ በቤቱ የእግዚአብሔር ስም የሚጠራው በመሐላ ነው። ወላጆችም መልስ አላቸው፥ መልሳቸውም ውሸት አይደለም፦ ጊዜ የለንም፥ አልተማርንም፥ ልጆቹ አይቀመጡልንም ይላሉ። ከሸዋ ሮቢት የሽንኩርት እርሻ ወይም ከደብረ ሲና ገበያ ሲመሽ የሚመለስ አባት ምን ያህል እንደሚደክም እናውቃለን። ጸሎት ሲጀመር ትንሹ ያለቅሳል፤ መካከለኛው ከታላቁ ጋር ይጣላል፤ እናት ወጡ እንዳያርባት ትነሣለች። ከመካከላችን በዚህ ዓይነት ጸሎት አፍሮ ጭራሹን የተወ ወላጅ አለ፤ እኛም ትተን የምናውቅበት ጊዜ ነበረ።

ነገር ግን የከፋዎቹ እናቶች ቤት ከእኛ ቤት ጸጥ ያለ ነበር ብሎ የሚያምን ማን ነው? ሕፃን በየትም አገር ሕፃን ነው። መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ሊያነብቡ የሚችሉትም ጥቂቶች ነበሩ። የነበራቸው በልባቸው የያዙት ጸሎትና በግንባር ላይ የሚደረግ የመስቀል ምልክት ነበር። ሙሉ መቁጠሪያ መድገም ያልቻለ ቤት አንድ ጊዜ ሰላም ለኪ ቢል፥ ቡናው ሲፈላ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ቀኑ ምሕረት አመስግን ቢለው፥ ልጁን በቁጣ የመታ አባት ከመተኛቱ በፊት ይቅር በለኝ ቢለው፥ ይህ ሁሉ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ይቆጠራል። ይልቁንም የመጨረሻውን እናሰምርበታለን። ልጅ ስለ ምሥጢረ ንስሐ በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት ይቅርታ ሲጠየቅ ካላየ ቃሉ ባዶ ይሆንበታል። ይህን ማድረግ በአገራችን አባቶች ዘንድ ውርደት ተደርጎ እንደሚታይ አናጣውም፤ ቢሆንም ደፍረን እንጽፈዋለን።

ወደ አቡነ ማስያስ ፍጻሜ እንመለስ። ወደ ሮም ከገቡ በኋላ በር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ትእዛዝ የሕይወታቸውን ታሪክ መጻፍ ጀመሩ፤ 35 ዓመት በላይኛው ኢትዮጵያ ያሳለፉትን የሐዋርያነት ዘመን የሚተርከው ይህ መጽሐፍ 12 ቅጽ ሆነ። በመንገድ ላይ የጻፉት ማስታወሻ በስደቱ ሁሉ ጠፍቶባቸው ስለ ነበር ብዙውን የጻፉት ከትዝታ ነው፤ ስለዚህ የታሪክ ሊቃውንት አንዳንዱን ቀን ያርሙባቸዋል። በ1884 ካርዲናል ሆኑ። የካፑቺን መነኩሴነታቸውን ግን አልተዉም፤ ያረፉትም በፍራስካቲ ከተማ በማኅበራቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በ2016 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የምግባራቸውን ጀግንነት አጽድቀው ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ፈቀዱ፤ በ2024 ደግሞ ዮሴፍ አላማኖን በቅዱሳን መዝገብ ጻፉ።

የክትባቱም ሥራ ፍጻሜ አለው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ተጀመረ፤ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ደጋውንና ቆላውን አዳረሱ፤ በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 በኦጋዴን ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። ስለዚህ ዛሬ በሸዋ ሮቢት የተሰለፉት እናቶች የሚመጡት ለኩፍኝ፥ ለፖሊዮና ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት እንጂ ለፈንጣጣ አይደለም። አያቶቻቸው ግን በክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሁንም ያሳያሉ።

አቡነ ማስያስ ያረፉት በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ ነሐሴ 6 ቀን 1889 ነው። በላቲን ሥርዓት ያ ቀን ጌታችን በደብረ ታቦር መልኩን የለወጠበት በዓል ነው፤ በእኛ አገር ይህን በዓል ሕፃናት በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ የሚሉበት ቡሄ እንለዋለን፥ የሚውለውም ቆይቶ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ያ ዕለት ነሐሴ 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ቀን ነበር። በዚህ ጾም በደብረ ሲና ተራራም በይፋት ቆላም ገና ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ልጆች ሳይቀሩ እስኪቆርቡ ድረስ ምግብ አንቀምስም ብለው ከእናቶቻቸው ጋር ይከራከራሉ፤ እናቶቻቸውም ነጠላ አልብሰው፥ እጃቸውን ይዘው ወደ ቅዳሴ ይወስዷቸዋል።